ሞልቶ የተመለሰው ጀሪካን

ጥምቀት በዋለበት ሳምንት፣ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በላቦራቶሪው መስኮት ፊት የቆምነው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አክስቴ እትዬ እታለማሁ፣ ሚስ ዶና የምትባለው ነርስና እኔ ዮአብ። ከኋላችን ወንበር ላይ አንዲት ሐበሻ የምትመስል ሴት ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያን ቀን ግን ከሚስ ዶና ይልቅ እሷን ነበር የምፈራው።

የመጣነው ለኩላሊት ነው። የእትዬ ታናሽ ወንድም ጋሼ ተሻገር ኩላሊቶቻቸው ከደከሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ከኛ ብዙም በማይርቀው በቤድፎርድ ከተማ ነው የሚኖሩት። ድሮ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ይነዱ ነበር፤ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ይሄዳሉ፣ በቀሩት ቀናት ድካሙን ያስታምማሉ። እትዬ «አንዱን እኔ እሰጠዋለሁ» ብለው ከተነሡ ወራት ሆኗቸዋል። ደማቸው ገጠመ፣ ልባቸው ታየ፣ ሳንባቸው ታየ። የቀረው የኩላሊታቸው ጉልበት ነው፤ እሱም የሚለካው የሃያ አራት ሰዓት ሽንታቸው ተጠራቅሞ ነው። ቁጥሩ ከሰማንያ በታች ከወረደ መስጠት አይችሉም ተብለናል።

ሆስፒታሉ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው አቅርቦላቸው ነበር። እትዬ እንቢ አሉ።

«እዚህ አገር አማርኛ የሚያስተረጉም ስንት ሰው አለና ነው? ዛሬ ስለ ሽንቴ ሲያወራ ውሎ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ሊቆም ነው። ዮአብ ይበቃኛል» አሉ።

ሚስ ዶና ብርቱካንማ ቀለም ያለው ሦስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ከጎኑ የተገለበጠ ባርኔጣ የመሰለ ነጭ ፕላስቲክ አኖረች፤ መጸዳጃው ላይ ተደርጎ የሚቀበሉበት ነው። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። እሑድ ጠዋት ሲነሡ የመጀመሪያው ሽንት ይደፋል፤ ሌሊቱን ሲጠራቀም ያደረ ስለሆነ አይቆጠርም። የተደፋበት ሰዓት ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ጀሪካኑ ውስጥ ይገባል። ሰኞ ጠዋት ልክ በዚያው ሰዓት የመጨረሻው ይጨመርና ይዘጋል። አንድ ጊዜ እንኳ ተረስቶ ከፈሰሰ እንደ አዲስ መጀመር ነው። እስኪመጣ ድረስ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። «ደግሞ ስንት እንደሆነ አትጨነቁ። ግማሽም ቢሆን፣ ከግማሽ በታችም ቢሆን ግድ የለም። እኛ የምንፈልገው ሰዓቱን ነው» አለች።

ሁሉንም ሰማሁ። ወደ እትዬ ዞርኩ። ከኋላችን ያለችው ሴት ስልኳን ማየት ያቆመች መሰለኝ።

«እሑድ ጠዋት ይጀምራሉ፣ እስከ ሰኞ ጠዋት። እዚህ ውስጥ ነው። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል» አልኩ።

እትዬ ሚስ ዶናን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ይቺ ሴትዮ ያን ሁሉ አውርታ ይቺን ብቻ ነው ያለችው?»

«ሌላው ቤት ስንደርስ የሚነገር ነው።»

«ምነው ምስጢር ነው?»

«እትዬ፣ እንሂድ።»

እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አፌን ከፍቼ «ሽንት» የሚለውን ቃል እሳቸው ፊት ጠርቼ አላውቅም፤ ያውም ሰው እየሰማ። ስለዚህ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ወዳለው አፓርትመንታችን እንደገባን አንድ ሙሉ ገጽ ወረቀት አወጣሁና ያልተናገርኩትን ጻፍኩት። ጽሕፈቴን አሳምሬ፣ ፊደሉን ለይቼ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤ አረምኩት። የመጀመሪያው እንደሚደፋ፣ ሰዓቱ እንደሚጻፍ፣ አንድም እንደማይቀር፣ ሰኞ በዚያው ሰዓት እንደሚዘጋ። ስለ መጠኑ የተባለውን ግን አልጻፍኩም። ወረቀቱም አልቆ ነበር፤ ደግሞም ይህን ማን ያጣዋል ብዬ አሰብኩ። ወረቀቱን የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ በፕላስተር ለጠፍኩና ክፍሌ ገባሁ።

እትዬ ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያለ ድምፅ አያነቡም። በሩ ላይ ቆመው፣ ቃል በቃል፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እኔ ትራስ ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

«ጎበዝ፤ ጥሩ ጽፈሃል» አሉ ሲጨርሱ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ፍሪጅ አልኳቸው።

«ከሽሮው ጎን?»

«ታች፣ ለብቻው፣ በከረጢት ታስሮ።»

«ዮአብ፣ በኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከእህል ጋር አያድርም። ሐኪሙ ራሱ መጥቶ ቢለምነኝ አላደርገውም።»

ወደ ነዳጅ ማደያው ሄጄ ሁለት ከረጢት በረዶ ገዛሁ። ዓሣ ለማጥመድ ስንሄድ የምንይዘውን ኩለር የሚባል የበረዶ ሣጥን አጥቤ የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ጀሪካኑን በበረዶው መሐል አቆምኩት። እትዬ አይተው ተስማሙ።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተጀመረ። እትዬ ቤተ ክርስቲያን ቀሩ፤ ለጠየቃቸው ሁሉ «ጉንፋን ይዞኛል» አሉ። በየሦስት ሰዓቱ የበረዶውን ውኃ እየደፋሁ አዲስ ጨመርኩ። ሰኞ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሜስኪት መሄድ ነበረብኝ፤ እዚያ ያለ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ስወጣ በራቸውን አንኳኳሁና «አንድ ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ይዘጋል፤ ከሥራ ስወጣ እወስደዋለሁ» አልኩ። «እሺ፣ ገብቶኛል» አሉ ከውስጥ።

አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ ጀሪካኑ ተዘግቶ፣ ተወልውሎ፣ በረዶው መሐል ቆሟል። አነሣሁት፤ ከበደኝ። እስከ አንገቱ ሞልቷል። ከላዩ ያለው ወረቀት ላይ በእትዬ ጽሕፈት «እሑድ 1 ሰዓት፣ ሰኞ 1 ሰዓት» ተብሏል። እኔም ፈረንጆቹ እንዲገባቸው ከጎኑ ሰባት ሰዓት ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩበት። ሞልቶ ሳየው ደስ አለኝ። ጤነኛ ሴት ናቸው አልኩ። ላቦራቶሪው ሳይዘጋ አደረስኩት።

ረቡዕ ዕረፍቴ ስለነበር እትዬን ይዤ ጋሼ ተሻገርን ልንጠይቅ ቤድፎርድ ሄድን። ገና ሳንቀመጥ ልጃቸው ማራኪ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። ማራኪ እዚህ ተወልዳ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ ናት። የእትዬን የሆስፒታል አፕ የከፈተችላቸውም እሷ ናት።

«አክስቴ፣ ሪዘልቱ ገብቷል። ሶ፣ ሰማንያ ነበር አይደል የሚፈልጉት? ያንቺ መቶ ሠላሳ ሦስት ነው። ማለቴ፣ የኔ ራሱ እንደዚህ አይመጣም።»

«ጥሩ ነው ማለት ነው?» አሉ እትዬ።

«ጥሩ? የሃያ ዓመት ልጅ ኪድኒ ነው ያለሽ።»

ጋሼ ተሻገር ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ሣቁ። ሲሥቁ ካየኋቸው ቆይቷል።

«እታለም፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ደብቀሽ ያስቀመጥሽው ለኔ ነው እንዴ?»

«ለማንም አይደል። አንተ ከለመንከኝ ምን ላድርግ።»

«እኔ መቼ ለመንኩሽ? አንቺ ነሽ ካልሰጠሁህ ብለሽ የያዝሽኝ።»

«እንግዲያስ ተወዋ።»

«አይ፣ አሁንማ ቁጥሩን ካየሁ በኋላ አልተውም።»

እስኪመሽ ቆየን። በ183 አውራ ጎዳና ወጥተን ወደ 635 ስንታጠፍ እትዬ ገና ፈገግታቸው ከፊታቸው አልጠፋም ነበር።

«ብልጠት ይጠይቃል፤ ዝም ብሎ አይሆንም» አሉ።

«ምኑ?»

«ጀሪካኑ ነዋ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብከፍተው ገና ከግማሽ እምብዛም አላለፈም። አፈርኩ። ጎረቤት ሳሕን ሲልክልህ ባዶውን ትመልሳለህ? እነዚህ ሰዎች ይህን የሚያህል ዕቃ ሰጥተውኝ ግማሹን ብመልስ ምን ይሉኛል? ገበያ ላይ ሃያ ዓመት እህል ሰፍሬአለሁ፤ ጎዶሎ መስፈሪያ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ከላዩ ምርቃት እንኳ እጨምር ነበር። አብሽ በጠበጥኩ፣ አጥሚት ጠጣሁ፣ ሻይ ጠጣሁ። አንተ ልትመጣ ስትል ሞላሁት።»

መኪናውን ወደ ቀኝ መስመር አወጣሁና ፍጥነቴን ቀነስኩ።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«አንተ እስክትመጣ አልኩህ እኮ።»

«ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ሰዓት ብለው ጽፈዋል።»

«አንድ ሰዓት ብለው ይጻፉ አልከኝ፣ ጻፍኩ።»

በልቤ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ትርፍ ነው። ሠላሳ ሦስት ሰዓት የተጠራቀመውን የሃያ አራት ብለን ሰጥተናል። መቶ ሠላሳ ሦስቱ የእትዬ ኩላሊት አልነበረም፤ የእትዬ ኩላሊትና የዘጠኝ ሰዓት ምርቃት ነው። እውነተኛው ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ዘጠና ሊሆን ይችላል። ሰባም ሊሆን ይችላል።

«እትዬ፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም» አልኩ፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። በዚህ ጊዜ ቃሉን ጠርቼ ነው የተናገርኩት። መኪና ውስጥ ከኛ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሦስት መውጫ ካለፍን በኋላ፦

«ጥሩ ነው ብለዋል አይደል?» አሉ።

«ሳያውቁ ነዋ ያሉት።»

«እንግዲህ አይወቁ።»

«አንዱን አውጥተው የሚቀረው ለእርስዎ ባይበቃስ?»

«የሱ ሁለቱም አልበቁትም። እኔ አንድ አላጣም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዮአብ፣ ዛሬ ሲሥቅ አይተኸዋል። ተሻገር ፊት ይህን እንዳታነሣ።»

ሐሙስ ሥራ ገባሁ። ዕቃ ስጭን፣ ስቆጥር፣ ልቤ እዚያው ነው። ዝም ብል ጋሼ ይድኑ ይሆናል። ዝም ብል እትዬ እንደ ጋሼ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ሊተኙ ይችላሉ፤ ያኔ ደግሞ የሚሰጣቸው ሰው ማን ነው? ብናገርና እውነተኛው ቁጥር ከሰማንያ በታች ቢሆን ሁሉም ነገር በኔ አፍ ይበላሻል። ከሁሉ በላይ ያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። ሚስ ዶና «ግማሽም ቢሆን ግድ የለም» ብላ ነበር። ሰምቼዋለሁ። ያን አንድ ዐረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ዕረፍት ስንወጣ ከካርቶን ላይ የተላጠ ወረቀት አንሥቼ የምናገረውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ደወልኩ። ሚስ ዶና ስታነሣ ከወረቀቴ አነበብኩላት። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው፤ ግን አላቋረጠችኝም።

«ሠላሳ ሦስት ሰዓት ነው?» አለች ስጨርስ።

«አዎ። ጥፋቱ የኔ ነው። የነገርሽኝን ሁሉ አልነገርኳትም።»

ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ።

«እንኳን ደወልክ። ዶክተሩ ቁጥሩ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጎበት ነበር። ለሷ ኪሎ በጣም በዝቷል ብሎ ሊያስጠራት ነበር። ምንም አልተበላሸም፤ እንደገና እናደርገዋለን። ነገ መጥታችሁ አዲስ ዕቃ ውሰዱ» አለች። ቆይታም፣ «ለምን ነበር ያልነገርካት?» አለች።

«አፍሬ ነው» አልኩ። ሣቀች፤ ሣቋ ግን የሚያሳፍር አልነበረም።

ማታ ለእትዬ ነገርኳቸው። አልጮኹም። እራት አቀረቡልኝ፤ ሳሕኑን አስቀምጠው ክፍላቸው ገቡ። በር ከመዝጋታቸው በፊት «ወንድሜን ከለከልከኝ» አሉ። ዓርብ ጠዋትም ሻዬን ቀዱልኝ፤ አላናገሩኝም።

ከዚያ በኋላ ለጋሼ ራሴ ደወልኩ። ከእትዬ አፍ ከሚሰሙት ከኔ ይስሙ ብዬ ነው። ጨርሼ እስክናገር አዳመጡኝ። «እየመጣሁ ነው፤ ማራኪ ትነዳለች» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤታችን ተቀምጠዋል። እትዬ ወጥ ቤት ቆመው ያልቆሸሸ ድስት ያጥባሉ።

«እታለም፣ ነይ ተቀመጪ።»

«ሥራ ይዣለሁ።»

«እኔ አንድ ኩላሊት አልኩሽ እንጂ ሙሉ ጆንያ አላልኩሽም። ምርቃቱን ማን ለመነሽ?»

ማራኪ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ጀርባቸውን እንደሰጡ ናቸው።

«ሥቀህ ለመውጣት ከሆነ የመጣኸው...»

«አልሥቅም። ስሚኝ። ሞልቶ ካለ እቀበላለሁ፤ ሳላመሰግንሽም አልቀርም። ጎዶሎ ከሆነ ግን አልፈልግም። ቁጥሩ አታልሏቸው ቆርጠው ቢሰጡኝና አንቺ ብትታመሚ፣ በምን ዓይኔ ነው የማይሽ? እጥበቱን ለምጄዋለሁ። የአንቺን እጥበት ግን አልለምድም።»

እትዬ ቧንቧውን ዘጉ። እጃቸውን በፎጣ ሲያደርቁ ብዙ ቆዩ።

«ጎዶሎ ቢሆንስ?» አሉ።

«ጎዶሎ ከሆነ ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ስሜ ተመዝግቧል፤ እጠብቃለሁ።»

«አክስቴ፣ እኔም ቴስት ማድረግ እችላለሁ» አለች ማራኪ።

«አንቺ ዝም በይ፤ ገና አልወለድሽም» አሉ ሁለቱም እኩል። ከዚያ እትዬ ወደኔ ዞሩ። «ተነሥ ጫማህን አድርግ፤ ላቦራቶሪው ይዘጋል።»

በመስኮቱ ፊት እንደገና ቆምን። በዚህ ቀን ወንበሩ ላይ ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ አማርኛ ያወራሉ። ሚስ ዶና አንድ ዐረፍተ ነገር ትናገራለች፤ እኔ አንድ ዐረፍተ ነገር እናገራለሁ። ሽንት የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጠራሁት አልቆጠርኩም። ጆሮዬ ይግል ነበር፤ ድምፄን ግን አልቀነስኩም። ግማሽም ይሁን ከግማሽ በታች ግድ እንደሌለው ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። በተለመደው ቀን ከሚጠጡት በላይ እንዳይጠጡም ጨምሬ ነገርኳቸው።

እትዬ እስከ መጨረሻው ሰምተው ጀሪካኑን ተቀበሉ።

«ለካ መናገር ትችላለህ» አሉ።

ለሰኞው ጠዋት ሙሉዓለም የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ተራዬን ያዘልኝ። አንድ ሰዓት ሲሆን የመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ስልኬን ይዤ ቆሜ ነበር። እትዬ ወጡ፤ ጀሪካኑን አሳዩኝ። ከግማሽ ትንሽ አልፏል። ክዳኑን አጥብቀው ዘጉትና እሳቸውም እኔም እያየን ሰዓቱን ጻፉ። ከበረዶው ጋር መኪና ውስጥ አስገባሁት፤ እትዬም አብረውኝ መጡ። መስኮቱ ላይ ሲያስረክቡ ሚስ ዶናን በዓይናቸው ፈለጉና፦

«ጎደለ ብለሽ እንዳትፈርጂብኝ በላት» አሉኝ።

ነገርኳት። ሚስ ዶና ጀሪካኑን ከፍ አድርጋ በብርሃን አየችው።

«ልክ ነው በላት። የሷ ልክ ይኸው ነው» አለች።

ቃል በቃል ነገርኳቸው። ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ የጎኔን መስኮት ዝጋ፣ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ማታ ምን ልሥራልህ እያሉ ሲያወሩ መንገዱ አለቀ። ካኮረፉኝ አራተኛው ቀን ነበር።

ሦስት ቀን ጠበቅን። ጋሼ አንድም ቀን አልደወሉም፤ ማራኪ አፑን በየሰዓቱ እንደምትከፍት ጻፈችልኝ። እትዬ ግን ስለ ቁጥሩ አላነሡም። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሚስ ዶና ራሷ ደወለች። መኪና ማቆሚያው መሐል ቆሜ አዳመጥኳት፤ እንዳልሳሳት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

ውጤቱ ዘጠና ሰባት ሆነ። ቀዶ ሕክምናው መጋቢት ሦስት ቀን፣ ሐሙስ ተደረገ። እትዬ በሦስተኛው ቀን፣ ጋሼ ተሻገር በስድስተኛው ቀን ቤታቸው ገቡ።